ከዋናው ቤት ጀርባ

ስለ አዲስ አበባ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከፊት ለፊት ነው። ስለ ታላቁ ቤተ መንግሥት፣ ስለ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ ስለ ለገሃር ባቡር ጣቢያ፣ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ብዙ ተብሏል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን አንባቢን ይዤ የምዞረው ወደ ጓሮ ነው። በዋናው ቤትና በአጥሩ መካከል፣ ብዙ ጊዜም ከአጥሩ ጋር ተለጥፎ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ይዞ፣ ቆርቆሮ ለብሶ የቆመ ቤት አለ። «ሰርቪስ» እንለዋለን።

ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ አገልግሎት ማለት ነው። ማን ማንን እንደሚያገለግል ግን ቃሉ አይናገርም። መጀመሪያ የታሰበው ማድ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱ፣ የሠራተኛዋ መኝታና ሽንት ቤቱ በአንድ ረድፍ ቆመው ዋናውን ቤት እንዲያገለግሉ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሰርቪሱ ያገለገለው ከተማውን ነው። ከክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣው መምህር፣ የመጀመሪያ ደመወዟን የምትጠብቀው ነርስ፣ አዲስ ተጋቢዎች፣ የማታ ተማሪው፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ ስንቱ ኑሮውን የጀመረው እዚያ ነው! እኔም የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ስዞር ያደርኩት በሰርቪስ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ ብል የሚያምነኝ የለም።

ይህን ቤት በታሪክ ዓይን ስመለከተው አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣብኛል። «አንድ ቤት» ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። ይሁንና በዚህች ከተማ የመጣ ሥርዓት ሁሉ ለጥያቄው የየራሱን መልስ ሰጥቷል፤ መልሱ በተለወጠ ቁጥርም ከዋናው ቤት ጀርባ የሚኖሩ ሰዎች ዕጣ ተለውጧል። የሚገርመው መልሱ አንድም ጊዜ ስለ እነርሱ ታስቦ አለመሰጠቱ ነው።

አንድ ቤት፣ አንድ አጥር

ከመጀመሪያው እንነሣ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከከተማ ይልቅ የሰፈሮች ስብስብ ነበረች። ንጉሡ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቻቸው ቦታ ሲሰጡ አለቃው ከፍ ያለውን ስፍራ መርጦ ግቢውን ይሠራል፤ ጭፍራው፣ አሽከሩና ባለሙያው ዙሪያውን ይሰፍራል። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ትዝታዎች ናቸው።

የባለጸጋው ግቢም ቢሆን በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰበ አልነበረም። እልፍኙ ለብቻ፣ አዳራሹ ለብቻ፣ ማድ ቤቱ ለብቻ፣ ጠጅ ቤቱና ጋጣው ለብቻ ይቆሙ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእንጨት እሳትና የሣር ክዳን አብረው አያድሩም፤ ጢሱና ምጣዱ ከመኝታ መራቅ አለባቸው። እናም የሰርቪስ ቤት አባት የፈረንጅ አርክቴክት ሳይሆን የእንጀራ ምጣድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቪላው በኋላ ሲመጣ ለጓሮው ቤት የባዕድ ስም ሰጠው እንጂ ቤቱ ቀድሞም እኛው ዘንድ ነበር።

በዚያ ዘመን «አንድ ቤት» ማለት አንድ ጣሪያ ማለት አልነበረም፤ አንድ አጥር ማለት ነበር። በአጥሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የጌታው ነው። ከጀርባ የሚያድረው ሰው ኪራይ አይከፍልም፤ ጉልበቱንና ታማኝነቱን ይከፍላል። ጌታው ሲሾም አብሮ ይሾማል፤ ጌታው ሲሻር ግን ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። መብት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ቦታ ግን ነበረው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከተማዋ ስትሰፋ የሎሌነቱ ቦታ በገንዘብ ተተካ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካና ሆስፒታል በተከፈተ ቁጥር ማደሪያ የሚፈልግ ደመወዝተኛ በዛ። ሰፋፊ ቦታ የያዙት ባለ ርስቶች አንዳንዱን መሬት፣ አንዳንዱን ቤት እያከራዩ ከበሩ። አቅም ያነሰው ሰው በኪራይ ቦታ ላይ ጭቃ ቤቱን ያቆማል፤ ቤቱ የእርሱ፣ መሬቱ የሌላ። ያም ያልሆነለት ከሰው ግቢ ጀርባ አንድ ክፍል ይከራያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል ቢኖረውም ዋጋውን ለተዋዋዮቹ ስምምነት ትቶታል። አንድ ክፍል ያለው ሰውና አንድ ክፍል የቸገረው ሰው እኩል ሆነው እንደሚስማሙ ተቆጠረ ማለት ነው። አንድ ቤት አንድ ውል ሆነ።

ትርፍ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ በገብርኤል ዕለት፣ ተራው የከተማው ሆነ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታ ሁሉ፣ እንዲሁም «ትርፍ ቤት» የተባለውን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። ከእንግዲህ ቤት ማከራየት የሚችለው መንግሥት ብቻ ሆነ። ከ300 ብር በታች ይከፍል ለነበረው ተከራይ ደግሞ ኪራዩ እንደየደረጃው እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰለት። ኪራያቸው አነስተኛ የሆነው፣ ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በኋላ «ኪራይ ቤቶች» ብለን ለለመድነው መሥሪያ ቤት ተሰጡ።

ለዚህ አዋጅ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። በማግሥቱ ኪራዩ በግማሽ የቀነሰለት ተከራይ ያን ቀን አይረሳውም፤ እውነት አለው። ጋሻ መሬት ይዞ በሰው ችግር ሲከብር ለኖረው ባለ ርስት እንባ የሚያፈስ ብዙ አልነበረም። እኔም የማለቅስለት አይደለሁም።

የእኔ ጉዳይ «ትርፍ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ትርፍ ማለት ከሚያስፈልገው በላይ ማለት ነው። ታዲያ በሰፊ ርስት ላይ ሃያና ሠላሳ ቤት የደረደረው መኮንንና ከጓሮዋ ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድገው ባልቴት በአንድ ቃል ተጠሩ፤ ሁለቱም ባለ ትርፍ ቤት ተባሉ። አዋጁ ከኪራይ ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው አበል እንዲቆረጥላቸው አዝዟል። ነገር ግን አበል ሌላ ነው፣ በገዛ ጓሮ ላይ ማዘዝ ሌላ ነው። «አንድ ቤት» አሁን አጥር መሆኑ ቀረ፣ ውል መሆኑም ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ የሚያድርበት ጣሪያ ብቻ ሆነ። ከዚያ ጣሪያ በስተጀርባ ተከራይ ከነበረበት፣ ጓሮው የሌላ አገር ሆነ።

የአዲስ አበባን የድሮ ሰፈሮች የሚያውቅ አንባቢ የምለውን በዓይኑ አይቶታል። በአንድ የቆርቆሮ በር ትገባለህ። ፊት ለፊት ያለው ቤት የግል ነው፤ ከጎኑና ከጀርባው ያሉት ሦስት አራት ክፍሎች የቀበሌ ናቸው። የውሃ ቧንቧው አንድ ነው፤ ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ የልብስ ማስጫው ገመድ አንድ ነው። ሽንት ቤቱ ሲሞላ ማን ያስመጥጥ? ባለቤቱ «የቀበሌ ነው» ይላል፤ ተከራዩ «የቀበሌ ነው» ይላል፤ ቀበሌው በጀት የለውም። የጋራው ግድግዳ ሲያዘነብል ማን ይደግፈው? ያው መልስ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን በነዚያ ግቢዎች ውስጥ ቡናው በጋራ ይጠጣ ነበር፤ ሐዘኑና ሠርጉም የጋራ ነበር። የቀድሞዋ ባለቤትና የቀድሞዋ ተከራይ ልጆቻቸውን አብረው አሳደጉ። አዋጁ ያላሰበውን ሰላም ሰዎቹ ራሳቸው ፈጠሩት።

ቤቶቹ ግን ሰላም አላገኙም። ወርኃዊ ኪራያቸው ጥቂት ብር ብቻ በመሆኑ ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም። ተከራዩ የማያወርሰውን ቤት በገንዘቡ ማደስ ይፈራል፤ ቤተሰቡ ሲበዛ ግን የግድ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በአሮጌ ቆርቆሮ፣ በጭቃ ይቀጥላል። በአዲስ አበባ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ የሆኑት የቀበሌ ቤቶች በዚህ ዓይነት አረጁ። ማከራየት ለግለሰብ ስለተከለከለም አዲስ የሚሠራ ሰው ለራሱ ብቻ ሠራ። ለተረፈው ሕዝብ የተገኘው መላ «ደባልነት» ነው። ደባሉ በወረቀት የለም፤ ሲጠየቅ የአክስት ልጅ ነው፣ የአገር ልጅ ነው፣ እንግዳ ነው። የመሸበት እንግዳ ነኝ እያለ ዓመታት የሚያድር እንግዳ!

ሰርቪሱ ሲመለስ

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ለግል ቤት ሥራና ኪራይ በሩ ገርበብ አለ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወለል ብሎ ተከፈተ። መሬቱ ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና።

በዚያው በ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 110 ሌላ በር ከፈተ። ከአዋጆቹ ውጪ፣ ማለትም ሕጉ ከፈቀደው አልፎ የተወሰደበት ሰው ንብረቱ እንዲመረመርለት ማመልከት ቻለ። በሕጉ መሠረት የተወረሰው ግን እንደ ተወረሰ ቀረ። እናም ያ የሕፃን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በኋላ በፋይል ታቅፎ ተመለሰ። ከጓሮ ያለው ክፍል በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ነበር ወይስ የዋናው ቤት አካል? ተከራይቶ ነበር ወይስ ማድ ቤት ነበር? አንድ ምጣድ የተጣደበት ጥግ ለርስት ክርክር ማስረጃ ሆነ።

ከተማው ግን ፋይል አልጠበቀም። በየግቢው ሰርቪስ መሠራት ጀመረ። ጡረታ የወጣው ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት እናት፣ ልጅ የሚያስተምር የመንግሥት ሠራተኛ ከአጥሩ ጋር ሁለት ክፍል ለጠፈ። ደላላው ሥራ አገኘ። ሰርቪስ የተከራየ ሁሉ ጥያቄዎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። «ላጤ ነህ? ሥራህ ምንድን ነው? እንግዳ ይበዛብሃል?» ውሃ በሳምንት ስንት ቀን፣ መብራት በስንት አምፑል፣ በሩ ማታ በሦስት ሰዓት ይዘጋል። ውሉ ብዙ ጊዜ በቃል ነው። እኔን አንድ አከራይ፣ ሴትዮዋ ደግ ነበሩ፣ ሌሊት የምጽፍበትን አምፑል በወር መጨረሻ ከኪራዩ ለይተው ያስከፍሉኝ ነበር። አልተጣላንም። ደመወዝ የለሽ ጸሐፊና ጡረታ የለሽ አሮጊት በአንድ አምፑል ቢነጋገሩ ጥፋተኛው ከሁለቱ አንዱ አይደለም።

ሦስት ሕግ፣ ሦስት ዓይን

ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎች ጥቂት አይደሉም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነዋሪያቸው 10 ሺህና ከዚያ በላይ በሆነ ከተሞች ያለ ፈቃድ መገንባትን ከለከለ፤ ሕንፃዎችንም በሦስት ምድብ ከፈለ። ባለ አንድ ፎቅ ያልሆነው፣ ምሰሶዎቹ ከ7 ሜትር በላይ ያልተራራቁት መሬት ላይ ያለ ትንሽ ቤት ምድብ «ሀ» ነው፤ ሰርቪሳችን መሆኑ ነው። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታዎች ወደ ሊዝ ሥርዓት የሚገቡበትን መንገድ ደነገገ። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን፣ ቁጥር 1320ን፣ አጸደቀ። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መጠን ብቻ እንዲሆን አዘዘ።

እያንዳንዱ ሕግ በየራሱ ዓይን ያያል። የሕንፃው ሕግ ግድግዳውን ያያል። የሊዙ ሕግ መሬቱን ያያል። የኪራዩ ሕግ ውሉን ያያል። አንድ ባለ ይዞታ በጓሮው አንድ ሰው የሚያኖር ክፍል ልሥራ ብሎ ቢነሣ ግን «ይህን ያህል ስፋት፣ ከአጥር ይህን ያህል ርቀት፣ ይህን ያህል መስኮት፣ ሽንት ቤቱ እንዲህ፤ ይህን ካሟላህ መብትህ ነው» የሚል፣ ተራ ሰው አንብቦ የሚገባው አንድ ገጽ በእጁ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ብዙው ሰው ወይ በማታ ይሠራል፣ ወይ «እድሳት ነው» ብሎ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የክፍሉ ዕድሜ የሚጣራው ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ቤቱ በካርታው ላይ ከታየ ዳነ፣ ካልታየ ጨረቃ ቤት ተባለ። ውስጡ ሰው መኖሩ ከአየር አይታይም።

ሰርቪስን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። መልሱ ፎቅ ነው ይላሉ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም በብዛት ሲሠራ ጓሮ የሚባል ነገር ቀረ። ነገር ግን በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ለእርድና ለጋራ ማብሰያ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት መሥራት ግድ ሆነ። ሰርቪሱ ከጓሮ ቢባረር በሌላ በር ተመለሰ። የኮንዶሚኒየሙ ቤት ደርሶት የሚያከራየውም ሰው ብዙ ነው፤ ራሱ ግን ርካሽ ሰርቪስ ፍለጋ ወጥቷል።

ነገሩ እጅግ የሚመረው ሰፈር በሚነሣበት ጊዜ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ሌሎች ነባር ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ባለ ይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ፣ የቀበሌው ተከራይ ምትክ ቤት የሚጠይቅበት ወረቀት ነበረው። በዚያው ግቢ ከግለሰብ ላይ ሰርቪስ ተከራይቶ የኖረው ሰው ግን ምን ይዞ ይጠይቃል? ካሳ የሚሰላው በይዞታና በንብረት ነው፤ በኖርክበት ዘመን አይደለም። የዕድሩ አባል ነበር፤ ልጁ በቅርቡ ትምህርት ቤት ይማር ነበር፤ በመዝገቡ ግን የመሸበት እንግዳ ነው። እንደ ጥንቱ የጌታው አሽከር፣ ግቢው ሲወድቅ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። መቶ ዓመት ዞረን የደረስነው እዚያው ነው።

በአንድ ገጽ የሚጻፍ ሕግ

«ሕግ እንዲህ ያለውን ዝርዝር እንዴት ይጽፋል?» የሚለኝ ይኖራል። ይጽፋል። የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ የሆነችውን የአሜሪካን ካሊፎርኒያ ልጥቀስ። እዚያ ከተሞቹ ለብዙ ዘመን በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ሁለተኛ ቤት እንዳይሠራ በየምክንያቱ ያግዱ ነበር። የቤት እጥረቱ ሲብስ ግዛቲቱ ጣልቃ ገባች። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ የጸናው ሕግ ከተሞቹ ቢያንስ 74 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን የጓሮ ቤት እንዲፈቅዱ፣ ከጎንና ከጀርባ አጥር ከ1.2 ሜትር በላይ ራቅ እንዳይሉት፣ ለማመልከቻውም በ60 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ አስገደደ። ካሊፎርኒያ ገነት አይደለችም፤ ቤት አልባው በየመንገዱ የሚያድርባት አገር ናት። ቁም ነገሩ ቁጥሮቹ በግልጽ መጻፋቸው ነው። ባለቤቱ ሜትሩን ዘርግቶ መብቱን ይለካል፤ ደጅ አይጠናም።

ተቃውሞውንም አውቀዋለሁ። ሰርቪስ ሲበዛ ሽንት ቤቱ ይሞላል፣ ቧንቧው ይደርቃል፣ እሳት ቢነሣ መኪና አይገባም፣ መስኮት የሌለው ክፍል በሽታ ያመጣል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የተደበቀ ሰርቪስ ጠባዮች ናቸው። ተደብቆ የሚሠራ ቤት መስኮት አይኖረውም፤ መስኮት ያሳብቃልና። ከአጥር አይርቅም፤ የራቀ ቤት ይታያልና። ክልከላው ያልቀነሰውን ቁጥር የቀነሰ መስሎት ጥራቱን ብቻ ቀነሰ።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጓሮ መኖሪያ ክፍል በከተማ ፕላን ውስጥ በስሙ ይጠራ፤ ስፋቱ፣ ርቀቱ፣ መስኮቱና ሽንት ቤቱ በቁጥር ይጻፍ፤ ያሟላ ባለ ይዞታ ያለ ደጅ ጥናት ይፈቀድለት። ሁለተኛ፣ አንድ ሰርቪስ የምታከራይ እናትና ሃያ አፓርታማ የሚያከራይ ባለሀብት በአንድ ቃል አይጠሩ። «ትርፍ» ባልነው ጊዜ ያየነው በቂ ነው። ሦስተኛ፣ የኪራይ ውል መመዝገብ ካለበት ምዝገባው ለግብርና ለቁጥጥር ብቻ አይዋል። ሰፈር ሲነሣ ተከራዩ «እዚህ ኖሬያለሁ» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት ይሁን፤ ያም ወረቀት ቢያንስ ሌላ ማደሪያ እስኪያገኝ የሚሆን ጊዜ ያስገኝለት።

«አንድ ቤት» አንድ ጊዜ አጥር፣ አንድ ጊዜ ውል፣ አንድ ጊዜ ጣሪያ፣ አንድ ጊዜ ካርታ ተደርጎ ተተርጉሟል። የሚያድርበትን ሰው ቆጥሮ የተረጎመው ግን እስካሁን አልመጣም። ቆጠራው ከፊት ለፊት ከተጀመረ ከጀርባ ያለው ሰው ሁልጊዜ ትርፍ ሆኖ ይገኛል። የሚቀጥለውን መመሪያ የሚያረቁ ባለሙያዎች ከመጻፋቸው በፊት በአንዱ ግቢ በር ገብተው፣ ዋናውን ቤት አልፈው፣ የመጨረሻዋን ክፍል ቢያንኳኩ መልካም ነው። የሚከፍትላቸው ሰው ስንት ካሬ ሜትር እንደሚበቃው በደንብ ያውቃል።